በፋውንዴሽን የሚደገፉ ጥቃቅን ቢሞች

የጂንካ ዩኒቨርሲቲው መምህር አብኔር ረዳት ፕሮፌሰር ለመባል የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጥናቱ ለአካባቢው ሕዝብ እንደሚጠቅም የሚመሰክርለት መስሪያ ቤት። ጥናቱ ደግሞ ስለ ቢም ነው። ቢም ሲባል ቤት የሚሸከመው አግዳሚ ምሰሶ አይምሰላችሁ። የአብኔር ቢም ከፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነ፣ ከታች ብረት ሆኖ ጀምሮ ወደ ላይ ቀስ በቀስ ሴራሚክ የሚሆን፣ ከሥሩም እንደ ስፖንጅ ሲጫኑት ሰርጎድ ብሎ እየተንቀራፈፈ የሚመለስ ንጣፍ ያለው ነው፤ ንጣፉን የሙያው ሰዎች «ቪስኮኤላስቲክ ፋውንዴሽን» ይሉታል። ይህ ቢም ሲነካ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ በኮምፒውተር ሲያሰላ ዓመታት ከርሟል። ቢሙን ግን አይቶት አያውቅም።

ባለድርሻ አካላት አዳራሽ ተጠሩ፤ የታሸገ ውሃ ተደረደረ። አብኔር ራሱ ወደ አማርኛ የመለሰውን ርዕስ አነበበ፤ «በቪስኮኤላስቲክ ፋውንዴሽን የሚደገፉ፣ ደረጃ በደረጃ የሚሸጋገሩ ጥቃቅን ቢሞች ንዝረት።»

ከፊት ተቀምጠው ሲያንጎላጁ የነበሩት፣ ሥራ አጦችን በጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራት የሚያደራጁት ኃላፊ አቶ ዳርጌ ብንን አሉ። ጥቃቅን፣ ደረጃ በደረጃ የሚሸጋገሩ፣ በፋውንዴሽን የሚደገፉ። ይህማ በየሪፖርታቸው ሲጽፉት የኖሩት ነው። ቢምን የማኅበር ስም አደረጉት፤ ቪስኮኤላስቲክን ደግሞ ከነጮቹ አገር የመጣ ለጋሽ። ተነስተው አመሰገኑና ፋውንዴሽኑ ሥራውን ከሃና ከተማ እንዲጀምር ጠየቁ።

አብኔር ሊያርማቸው አፉን ከፈተ። አቶ ዳርጌ ግን ቀደሙት።

«መምህር፣ ምስክርነቱን ዛሬውኑ እንሰጥሃለን።»

አፉን መልሶ ዘጋ። ለእውነት የሚሞት ሰው አለ ሲባል እንሰማለን፤ በደረጃ ዕድገት ሰሞን ግን ታይቶ አያውቅም። ዕድገቱ ጸደቀ፣ ጥብስ ተበላ።

ከዚያ ወይዘሮ ሙሉሽ የሚባሉ ሴት ከሃና በአይሱዙ ተጭነው፣ አቧራ ለብሰው አብኔር ዘንድ መጡ። ሃና ላይ ሻይ ቤት ነበራቸው። ለፋውንዴሽኑ የሚደራጅ ሰው ሥራ አጥ መሆን አለበት ሲባሉ ሻይ ቤቱን ዘጉ፤ አግዳሚ ወንበሩን ሸጡ፤ ወግ ባለው መንገድ ሥራ አጥ ሆነው ተመዘገቡ። አሁን ፋውንዴሽኑ መቼ እንደሚመጣ ሊጠይቁ ነው።

አብኔር አፈረ፤ ከልቡ አፈረ። ሁሉንም ዘርግፎ ነገራቸው። ፋውንዴሽን ማለት ቢሙ የሚተኛበት ንጣፍ እንደሆነ፣ ለጋሽ የሚባል እንደሌለ፣ ቢሙም በዓይን እንደማይታይ፣ እሱ ለዕድገቱ ብሎ ዝም እንዳለ። የሙሉሽ ፊት እየጠቆረ ሄደ። የተማረ ሰው በዓይን የማይታይ ነገር እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ ሲያሰላ ዓመታት ከረመ? እንዲህ ያለውን ውሸት ሃና ውስጥ ሰካራም እንኳ አያወራውም።

«የእኛን ፋውንዴሽን ለኦሞራቴ ከተማ ሰዎች ሰጣችሁት፣ አይደል?» አሉት።

አብኔር እንደገና ከስፖንጁ ሊጀምር ሲል እጃቸውን አነሱ።

«ልጄ፣ እኔ ሕፃን አይደለሁም። እውነቱን ብቻ ንገረኝ።»

ደከመው። «አዎ» አለ፤ «ለኦሞራቴ ሆነ።»

ሙሉሽ በረጅሙ ተነፈሱ። ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

«ተባረክ። ከዚህ ሁሉ ኃላፊ መካከል እውነቱን የነገርከኝ አንተ ብቻ ነህ። ፕሮፌሰር ማለት እንዲህ ነው።»

አብኔር ረዳት መሆኑን እንኳ አልነገራቸውም።