ያልተነሳ እጅ

የሞት ቅጣትን በሚደነግገው ሕግ ላይ ድምፅ በሚሰጥበት ጠዋት፣ የሕጉ ዋና ተቃዋሚ ለአንዲት የምክር ቤት ባልደረባው ስልክ ደወለላት።

"እህቴ፣ ሚስቴ ምጥ ጠንቶባታል። ጥያት አልመጣም።"

በምክር ቤቱ የቆየ ልማድ ነበር፤ አንዱ ቸግሮት ሲቀር፣ መቅረቱ ውጤቱን እንዳይለውጥ ከተቃራኒው ወገን አንድ ሰው ድምፅ ሳይሰጥ ይቀመጥለታል። ማሰሪያው ቃል ብቻ ነው።

"እኔ እቀመጥልሃለሁ፣ አይዞህ" አለችው። ሕጉን ያረቀቀችው ግን እሷ ራሷ ነበረች፤ ታናሽ ወንድሟ ከተገደለ ወዲህ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም።

አዳራሹ ውስጥ የፓርቲዋ ሊቀመንበር ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

"እሱ ልጅ ሲወልድ የእኛ ሕግ ይጨንግፍ? እሱ ከቀረ በአንድ ድምፅ እኮ እናሸንፋለን!"

"ወንድሜን በቀበርኩ ቀን ተቀምጦልኛል።"

እጆች ተነሱ። የእሷ ጭኗ ላይ ቀረ። ድምፁ እኩል ለእኩል ሆነና ሕጉ ወደቀ።

ቤት ስትደርስ እናቷ ቴሌቪዥኑን አጥፍተው ጠበቋት።

"እጅሽን አሞሽ ነበር ልጄ?"

"ቃል ሰጥቼ ነው፣ እማዬ።"

"ለማን?"

ነገረቻቸው። እናቷ የሟቹን ፎቶግራፍ ከሳሎኑ ግድግዳ አውርደው መኝታ ቤታቸው ገቡ፤ በሩንም ከውስጥ ቆለፉት።