ከመድረኩ ሥር የተሰማች ምት

ጄቤዝ ሆልሮይድ ወደ ዳኞች ቦታ ከመግባቱ በፊት ልጁን ሴሊናን ገለል አድርጎ ያዛት። ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ፋብሪካው በቀትር ተዘግቶ የእንግሊዟ የአክሪንግተን ከተማ ሸማኔ ሁሉ የጭፈራውን ውድድር ሊያይ ወደ አዳራሹ ጎርፏል።

«ያ እጮኛሽ ዛሬ ይወዳደራል አይደል?»

«ዊልፍሬድ? አዎ አባዬ። ምነው?»

«ምንም። ምቴን ከእሱ እግር የሰማሁ ዕለት ግን የጰራቅሊጦሱን ሠርግ እርሺው። በደጄም አያልፍ።»

«አሳይተሽዋል ነው የምትለኝ?»

«እኔ ምን ወጣኝ? ያየሻት አንቺ ብቻ ነሽ ነው የምለው።»

ሴሊና ሻርፗን ሳብ አድርጋ ጥላው ሄደች። ጄቤዝም «የተናደደችው እውነት ብናገር ነው» አለ በሆዱ። ጥርጣሬ እንዲህ ነው ልጆቼ፤ ዝም ብትሉትም ይበላል፣ ብትመልሱለትም ይበላል።

ነገሩ የቆየ ነው። ጄቤዝ በጉብዝናው በእንጨት ጫማ ጭፈራ አቻ አልነበረውም። ሸማኔ ሁሉ ለሥራ የሚጫማትን፣ ከሥሯ ብረት የተመታባትን ያቺን ጫማ እሱ ሲያደርጋት እንደ ከበሮ ትናገር ነበር። ቁርጭምጭሚቱ ሲከዳው ዳኛ አደረጉት። ታዲያ አንዲት ምት ነበረችው፣ ራሱ የፈጠራት፣ በአደባባይ ያላወጣት። አመሻሽ ላይ መጋረጃውን ግጥም አድርጎ ዘግቶ፣ በወጥ ቤቱ የድንጋይ ወለል ላይ እያነከሰ ከሴሊና በቀር ማንም ሳያየው ይመታታል። እሱ ሲመታ ደግሞ ከግድግዳው ማዶ ጎረቤቱ ኢኖክ ታተርሶል ግድግዳውን ይደበድባል። ሁለቱ በልብስ ማስጫ ገመድ ተጣልተው እግዜር ይስጥልኝ ከተባባሉ ዘመን አልፏል። ጄቤዝ «ምቀኛ!» ይልና እልህ ይዞት ምቷን ከመጀመሪያው ይደግማታል።

ዊልፍሬድን ከጠረጠረው ወዲህ ሰላም አጥቷል። ልጁ እሑድ እሑድ ሻይ ሊጠጣ ሲመጣ ጄቤዝ የሚያየው ፊቱን ሳይሆን እግሩን ነው። ከጠረጴዛ ሥር ጣቱ ንቅንቅ ካለች፣ «ይኸው፣ እየተለማመደ ነው» ይላል።

የጭፈራው ዳኛ ጨፋሪውን አያይም። መልክ እንዳያታልለው፣ ለወዳጁም እንዳያዳላ፣ ከመድረኩ ሣንቃ ሥር ተቀምጦ በጆሮው ብቻ ይፈርዳል። ተወዳዳሪውም በዕጣ ቁጥሩ እንጂ በስሙ አይጠራም። ጄቤዝ ጎንበስ ብሎ ገባና ከባልደረባው ከሽማግሌው ፒከልስ አጠገብ ተቀመጠ። አቧራው ከላይ ይዘንብባቸዋል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አለፉ። «ይሄኛውማ ድንች ከጆንያ ሲያፈስ ነው የሚመስለው» አለ ፒከልስ ስለ ሦስተኛው።

አራተኛው ወጣ። ሲጀምር ደህና ነበር፣ የታወቀ ነገር ነው። ከዚያ እግሩን አዞረና መታ፤ የጄቤዝ ጸጉር ቆመ። የግራ ተረከዝ ዘግየት የምትለዋ፣ ቀኙ ሁለት ጊዜ ፈጠን ብሎ የሚከተላት። የራሱ ምት ናት! ማነከሱ እንኳ ሳይቀር አለች።

«ሌባ!» አለ ጥርሱን ነክሶ። «እሱም እሷም፣ ሁለቱም ሌቦች!»

«ምን አልክ?»

«ይሄ ሰው ይሰረዛል። ምት ሰርቋል።»

«ዝም በል እስቲ፣ አሰማኝ» አለ ፒከልስ ዓይኑን ጨፍኖ። «እኔስ እንዲህ ያለ ሰምቼ አላውቅም። መጨረሻ ላይ ያቺ ቀጭ የምትለዋማ! ከየት አመጣት?»

«የምን ቀጭ? ምቴ ቀጭ የላትም።»

«ጆሮህ ቂም ይዞ ነው የማይሰማው።»

ከላይ ያለው በሌላኛው እግሩ ደገማት። እውነትም፣ መጨረሻ ላይ አንዲት ቀጭን «ቀጭ» አለች። ያውቃታል፤ ሲሰማት ኖሯል፤ የእግሩ ግን አይደለችም። ከምድጃው ፊት ለፊት ያለች የላላች የወለል ድንጋይ አለች፤ ረግጠዋት ሲነሱ ቀጭ ትላለች። ሴሊና በየቀኑ ትደናቀፍባታለች። ዊልፍሬድም እሑድ እሑድ ወንበሩን የሚያደርገው እሷው ላይ ነው፤ በተነቃነቀ ቁጥር ሻዩ ይፈስበታል። ምቷን ያየ ሰው፣ ቀጯ የድንጋይዋ መሆኗን ያውቃል። ይሄ ሰውዬ ግን የምቷ አካል አድርጎ በጥንቃቄ ይመታታል! ስለዚህ አላየም። ሰምቶ ነው የተማረው።

ማነው ወጥ ቤቴን ሳይረግጥ ወጥ ቤቴን የሚሰማ?

ግድግዳው ትዝ አለው።

ጄቤዝ ሊሰርዝ ያነሳውን ጠመኔ ይዞ ቆየ። ከዚያ ጆሮው የሰማውን ጻፈ፤ ሙሉ ነጥብ። ዊልፍሬድ ኋላ በራሱ ምት ጨፍሮ ሦስተኛ ወጣ። የአሸናፊነት ቀበቶው ለአራት ቁጥር ሆነ፤ የታጠቀውም ኢኖክ ታተርሶል ነበር። ጄቤዝ በደረጃው በኩል ጠበቀው።

«ግድግዳዬን ስትደበድብ የኖርከው...»

«እንድትደግማት ነዋ! አንድ ጊዜ ሰምቼ ያልያዝኩ እንደሆነስ? ብጠይቅህ በሩን ትዘጋብኛለህ።»

«እዘጋብሃለሁ! መጨረሻዋ ላይ ያለችው ቀጭ ግን የወለሌ ድንጋይ ናት፣ አንተ ደንቆሮ።»

ኢኖክ ወደ ጉልበቱ ጎንበስ አለ። «ድንጋይ? ክረምቱን ሙሉ ጉልበቴን የጨረሰችው እሷ እኮ ናት!»

ጄቤዝ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ፊቱን አጠቆረ። «ቆይ፣ በዚያ ግድግዳ ሌላስ ምን ትሰማለህ?»

«ጸሎትህን። አጭር ናት።»

ዊልፍሬድና ሴሊና ፈንጠር ብለው ቆመዋል። ልጁ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል፤ እሷ አባቷን አታየውም። ጄቤዝ እያነከሰ ወደ እነሱ ሄደ። ይቅርታ እንደ እሱ ካለ ሰው ጉሮሮ አይወጣም።

«ዊልፍሬድ፣ ነገ ለሻይ ትመጣለህ አይደል?»

«ካላስቸገርኩዎት...»

«ወንበርህን ከድንጋይዋ ላይ አንሳ። ሱሪህን አበላሸህ፤ ለሠርጉ የምትለብሰው እሱን አይደል?»

ሴሊና ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችው። «ድንጋይዋን ማስጠገን ይሻላል አባዬ።»

«ተያት» አለ ጄቤዝ፣ ኢኖክ ወደ ቆመበት በጎን እያየ። «ካስጠገንኳት ያ ሰውዬ ምቱ ይጠፋበታል።»