በመምህር ቀነአ ምላስ ላይ የወጣው ቁስል

መምህር ቀነአ ነቀምቴ አጠገብ ባለችው ጉቴ ከተማ ባዮሎጂ ሲያስተምር ጸጉሩ ሸብቷል። ከምላሱ ጎን የወጣችው ቁስል መጀመሪያ በርበሬ ሲነካት ብቻ ነበር የምታመው፤ እየቆየች ግን ጠጠረችና ክፍል ውስጥ ቃላቱን ታኮላትፍበት ጀመር። ባለቤቱ ድርቤ እየጎተተች ነቀምቴ ወሰደችው፤ ሐኪም ከቁስሉ ቆንጥሮ ናሙና ወሰደለት። ውጤት ለመስማት በተቀጠረበት ቀን፣ ናሙናውን የመረመረችው ዶክተር ንጋት ራሷ አስጠራችው። ንጋት ከጎጃም ተመድባ የመጣች ወጣት ናት፤ ኦሮምኛዋ ገና ከሰላምታ አላለፈም።

ቀነአ ካንሰር ነው ወይስ አይደለም ብሎ ጠየቃት። ለሁለቱም ልቡን አዘጋጅቶ ነበር። እሷ ግን ለጊዜው አንዱንም ማለት እንደማትችል ነገረችው። የባዮሎጂ መምህር መሆኑን ስትሰማ ማይክሮስኮፑን አስተካክላ ራሱ እንዲያይ ጋበዘችው።

ቀነአ ጎንበስ ብሎ አየ። ሴልማ ያውቃል። ዕድሜውን ሙሉ በጠመኔ ሲስለው ኖሯል፤ ትልቅ ክብ፣ በውስጡ ትንሽ ክብ፣ በትንሹ ክብ ውስጥ ደግሞ ኑክሊዮለስ የምትባል አንዲት ነጥብ። ይህ ግን ሌላ ነው። በአንዱ ሴል ውስጥ ነጥቡ አብጦ ቤቱን ሊሞላ ደርሷል፤ በሌላው ውስጥ ሁለት ሦስት ሆኖ ተበታትኗል። ዙሪያውን ያለው ክሮማቲን የሚባለው የዘረ መል ክር እዚህ ጋ እንደ ተባዘተ ጥጥ ሳስቷል፣ እዚያ ጋ ተጓጉሎ ጠቁሯል።

«የታመመው የቱ ነው?» አለ።

«እኔንም ያስቸገረኝ እሱ ነው፣ መምህር።»

ቀስ እያለች አስረዳችው። ኑክሊዮለስ የራሱ ሽፋን የለውም፤ ሾርባ ላይ የዘይት ጠብታ እንደሚሰበሰብ ተሰብስቦ ነው የሚኖረው። ፕሮቲን የሚሠሩት ራይቦሶሞች የሚወለዱት እዚያ ስለሆነ፣ ሴሉ ሥራ ሲበዛበት ያብጣል። ካንሰር የሆነ ሴል ሥራ ይበዛበታል፤ ቁስል ለመድፈን የሚጣደፍ ጤነኛ ሴልም ይበዛበታል። ነጥቡ ብቻውን ምስክር አይሆንም። ክሮማቲንም ቢሆን ወግ አለው፤ ሴሉ የማይጠቀምበት ክፍል ተጠቅጥቆ አብዛኛውን ጊዜ ዳር ይይዛል፣ የሚጠቀምበት ይፍታታል። በካንሰር ጊዜ ይህ ወግ ይፈርሳል። በእሱ ናሙና አብዛኞቹ ወጋቸውን እንደጠበቁ ናቸው፤ ጥቂቶቹ ግን ያጠራጥራሉ። ከቁስሉ ትይዩ ምላሱን እየፋቀ ሊያቆስል የሚችል የተሰበረ ጥርስ ስላለው፣ መጀመሪያ እሱ ይነቀልና ሁለት ሳምንት ያህል ይጠበቅ፤ ካልዳነ ጠለቅ ያለ ናሙና ይወሰዳል አለችው።

«እንግዲህ አልታመምኩም ማለት ነው?»

«አላወቅንም ነው ያልኩዎት።»

ድርቤ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። ባጃጅ ውስጥ በኦሮምኛ ጀመረላት፣ መሀል ላይ ወደ አማርኛ ዞረ፣ ከዚያ እሱም ጠፋበት። የሚገድለውና የሚያድነው ሴል መልካቸው ይመሳሰላል አላት።

«አንተ መምህሩ ካልገባህ እኔ እንዴት ይግባኝ?» አለችው።

ወንድሟ ቢራቱ ከአዲስ አበባ በስልክ ጮኸ። በካንሰር ነገር ጠብቁ የሚል ሐኪም የት አገር ነው ያለው፣ ዛሬውኑ አዲስ አበባ ይምጣ አለ። ቀነአ ቢራቱን ሲሰማ ቢራቱ ልክ ነው፤ የንጋትን ነገር ሲያስብ ንጋት ልክ ናት። በማግስቱ ቦርሳውን ይዞ ነቀምቴ መናኸሪያ ደረሰ፤ ረዳቱ አዲስ አበባ፣ አዲስ አበባ እያለ ሲጣራ ቆሞ ሰማው። ከዚያ ወደ ጥርስ ሐኪም ሄዶ ጥርሱን አስነቀለ። የተነገረው ገብቶት አይደለም። ከሰማው ሁሉ በምላሱ ሊዳስሰው የቻለው ጥርሱን ብቻ ስለነበረ ነው።

በመጠበቂያው ሰሞን ክፍል ገብቶ ሴል መሳል ጀመረና ነጥቧ ጋ ሲደርስ ጠመኔው እጁ ላይ ቀረ። ኬኔ የምትባል ተማሪ መጽሐፉ ላይ አንድ መሆኗን አስታወሰችው። «አንዳንዴ» አላት። ፈተና ላይስ ስንት ብለን እንጻፍ ስትለው ነጥቧን ሳይስል ጠመኔውን አስቀመጠ።

ቁስሏ እየጠበበች ሄዳ ተደፈነች። ቀጠሮው ሲደርስ ንጋት የዳነውን ቦታ በለስላሳ ብሩሽ አስጠርጋ የወጣውን ሴል በማይክሮስኮፕ መረመረች፤ ነጥቦቹ አንሰዋል፣ የሚያጠራጥር የለም፣ ለጥንቃቄ ግን በየጊዜው ብቅ ይበሉ አለችው። ቀነአ አሁንም ልይ አለ። ለረጅም ጊዜ አየ። አንሰዋል ስላለችው አንሰው ታዩት እንጂ፣ ሳትነግረው ያሳየችው ቢሆን ኖሮ የቱ የትኛው እንደሆነ አይለይም ነበር።

ሲወጣ ድርቤ ፊቱን አየች። «ድኛለሁ መሰለኝ» አላት። «ገለኒ ዋቃፍ» ብላ አምላኳን አመሰገነችና ቢራቱ ጋ ደወለች። ታዲያ ምን ነበር ብሎ ቢጠይቃት ስልኩን ለባሏ ሰጠችው። ቀነአ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ከየት እንደሚጀምር ያስብ ጀመር።