ግማሽ ሪዝ

አንድ ሰው ገበያተኛው ላይ በከፈተው ተኩስ ከቆሰሉት አንዷ ዛሬ ከሆስፒታል ትወጣለች። አባቷ በደስታ እየከነፈ ሊላጭ ፀጉር ቤት ገባ። ቴሌቪዥኑ ላይ ሁለት ፖለቲከኞች ሰውዬው ለምን እንደተኮሰ ይነታረካሉ፤ አንዱ «የእናንተ ቅስቀሳ ነው!» ሲል ሌላው «የራሳችሁ ነው!» ይላል።

«ዓይናቸውን በጨው የታጠቡ!» ብሎ ፀጉር አስተካካዩ ወደ ቴሌቪዥኑ ሲዞር፣ ምላጩ የአባትየውን ግማሽ ሪዝ ጠርጎ ወሰደው።

«ውይ ጋሼ! የቀረውንም ላንሳልዎት?»

«ተወው፣ ልጄ ትጠብቀኛለች!» ብሎ በረረ።

ከተመታች ጀምሮ ጥርሷ ያልታየው ልጅ ገና ስታየው ሳቋ አመለጣት። ቁስሏን ደግፋ ይዛ፣ «አባዬ! አንተን ደግሞ ማን መታህ?» አለችው።

«ፖለቲከኞቹ!»

«ለምን?»

«እሱን ገና እየተከራከሩበት ነው።»