በግራ በኩል ሰላም በሉት

ወንድሜ ዘይኑዲን ዳላስ አየር ማረፊያ የገባ ቀን ያስለቀስኩት እኔ ነኝ። በደስታ ቢሆን ባልከፋኝ። ሻንጣውን በግራ እጁ እየጎተተ ከመውጫው በር ብቅ ሲል አላስችለኝ አለና ሮጬ ተጠመጠምኩበት። እሱም ጮኸ። እንዲያ ያለ ጩኸት ከዘይኑ አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን፤ አንድ ፖሊስማ ጠጋ ብሎ «ሰላም ነው?» አለ።

«ምንም አይደል መሱ፤ ትከሻዬን ነክተሽው ነው» አለኝ፣ እንባው እየወረደ ሊስቅ እየሞከረ።

የመጣው ለትከሻው መሆኑንማ አውቃለሁ፤ ያስመጣሁትም እኔ ነኝ። ግን በቪዲዮ ስንደዋወል ስልኩን በግራ በኩል እያስደገፈ «ትንሽ ይቆረጥመኛል እንጂ ደህና ነኝ» እያለ ሲሸነግለኝ ከርሟል። ቀኝ እጁ ከደረቱ በላይ እንደማይነሳ የገባኝ ያን ዕለት መኪና ውስጥ የወንበሩን ቀበቶ መሳብ ሲያቅተው ነው። እኔ ሳስርለት ወደ መስኮቱ ዞረ። ወንድሜ ኩሩ ነው።

ዘይኑ ደሴ ፒያሳ ጸጉር አስተካካይ ነው። የከተማውን ግማሽ ሰው በፊቱ ሳይሆን በማጅራቱ የሚያውቅ ሰው ነው። ጸጉር አስተካካይ ማለት ደግሞ ቀኑን ሙሉ እጁን አንስቶ የሚውል ሰው ነው፤ ይህን ያሰብኩት ወንድሜ ማንሳት ካቃተው በኋላ ነው። የተሳፈረበት ባጃጅ ተገልብጦ በቀኝ ትከሻው ወደቀ። ለትንሽ ጊዜ በግራ እጁ ሞከረ፤ የአንድ ሽማግሌ ጆሮ ጫፍ የቆረጠ ቀን መቀሱን አስቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ወንበሩ ጋ ሠራተኛው ይቆማል፣ ዘይኑ በገዛ ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ ደንበኛ ይቀበላል። ይህን የነገረችኝ ሚስቱ ናት። «እየሳቀ ይወጣል፣ ዝም ብሎ ይገባል» አለችኝ። እኔን የቆረጠኝ ያ ዝምታው ነው።

አዲስ አበባ ያየው ሐኪም ጅማቱ ከአጥንቱ ላይ መላቀቁን ነግሮት፣ በትንንሽ ቀዳዳ ገብቶ የሚሰፋለት ቢያገኝ እንደሚሻለው መከረው። እኔ ያለሁት ዳላስ አጠገብ ካሮልተን ነው፤ እዚህ ደግሞ ሥራው ይኸው ብቻ የሆነ ሐኪም አለ። የወረቀቱንና የወጪውን ጣጣ አላወራም። እኔ፣ ባሌ ጦልሃና የወሎ ሰው ተባብረን ተወጣነው።

ከቀዶ ጥገናው በፊት ባለው ቀን ዘይኑ ስልኩን ይዞ ተቀመጠና ደሴ ላለው ሰው ሁሉ «አውፍ በሉኝ» እያለ ይቅርታ መለመን ጀመረ። ለጎረቤቱ፣ ለአከራዩ፣ ለዚያ ጆሮው ለተቆረጠው ሽማግሌ። እሱ የተሰናበተውን ያህል ሰው ለሐጅም አይሰናበቱም። በማግስቱ ጠዋት ገባ፤ ከሰዓት በኋላ እጁ ታስሮ የጦልሃ መኪና ውስጥ ተቀምጧል።

«እጄን የት አደረጋችሁት?» ነበር የመጀመሪያ ጥያቄው። አደንዝዘውት ስለነበር የእሱ አልመስል ብሎት በግራ እጁ ይዳብሰዋል።

ፋሻው የተፈታ ቀን ደግሞ በመስታወት አየና ተናደደ። ከሽንብራ የማይበልጡ ጥቂት ቀዳዳዎች ናቸው። እርሳስ የምታክል ካሜራ በአንዱ፣ ዕቃዎቹ በሌሎቹ ገብተው ነው የተሠራው።

«ለዚች ነው ውቅያኖስ የተሻገርኩት?» አለ። «ያን ሁሉ ሰው አስለቅሼ! ምን ብዬ ነው አሁን የማሳያቸው?»

«ሆድህ ድረስ ቢሰነጥቁህ ደስ ይልህ ነበር?»

«እንዲያው ትንሽ ከፍ ያለ ጠባሳ ቢተዉልኝ ምን ነበረበት፣ ወላሂ!»

ዶክተሩ ቦት ጫማ የሚያደርግ ረጅም የቴክሳስ ሰው ነው። ቀስ ብሎ አስረዳኝ፣ እኔም አስተረጎምኩ። አሁን ጅማቱን የያዘው ክር ነው። ጅማቱ ከአጥንቱ ጋር እስኪዋሃድ ስድስት ሳምንት እጁ በማንጠልጠያው ውስጥ ይቆያል፤ አያነሳም፣ አይደገፍም፣ በዚያ ጎኑ አይተኛም። በዚህ መሃል አንድ ጠንካራ ግጭት ካገኘው ሊላቀቅ ይችላል፤ ዳግመኛ ሲሰፋ ደግሞ እንደ መጀመሪያው አይሆንም። ዘይኑ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «መቀስ እይዛለሁ?» ዶክተሩም «ይህን ጊዜ ካሳለፍከው፣ ተስፋ አለኝ» አለ።

ስለ ደረጃ፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ መታጠቢያ ቤት ሁሉ አስጠነቀቀን። ስለ እኛ ሰው ሰላምታ ግን ምን ያውቃል! ወንድ ከወንድ ሲገናኝ ቀኝ እጅ ይጨባበጥና ቀኝ ትከሻ ከቀኝ ትከሻ ይጋጫል። አንዴ ለማንም ነው፤ ለወዳጅ ይደጋገማል፤ የናፈቀ ደግሞ እንደ ናፍቆቱ መጠን ነው የሚገጨው። የታመመ ሰው ደግሞ ይጠየቃል። የዳላስና የፎርት ዎርዝ ወሎዬ በሙሉ ወንድሜን ሊጠይቅ፣ ማለትም ሊገጭ፣ እየመጣ ነው።

የኮርንፍሌክስ ካርቶን ቀደድኩና በትልቁ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩ፦ «በግራ በኩል ሰላም በሉት። ቀኙ ተሰፍቷል።»

ሰዉ እያነበበ ይስቃል፣ ከዚያ ገብቶ በቀኝ ይመጣል። ልማድ ነው፤ እግር ራሱ ይዞት ይሄዳል። አንዱን ትልቅ ሰው በያዝኩት ሰሃን ነው የመከትኩት። «አንቺ ልጅ፣ ዱዓ ላድርግለት ብዬ እኮ ነው!» ቢሉኝ፣ «ዱዓው ከሩቅም ይደርሳል አባባ፣ እዚያ ሶፋ ላይ ይሁኑልኝ» አልኳቸው። በከተማው «የመስዑዳ ቤት ፍተሻ አለ» ተባለ። ይበሉ! ከአየር ማረፊያ ካተሪንግ ሥራዬ እየገባሁ በር ላይ ስቆም እግሬ ያብጥ ነበር፤ ያም ሆኖ ማንም አልነካውም።

በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ታፈሰ መጣ። ታፈሰ የዘይኑ አብሮ አደግ ነው፤ ደሴ ሸዋ በር ከእኛ ቤት አጥር የሚጋራ ቤት ነው ያደገው። የዲቪ ሎተሪ ደርሶት ከደሴ ሲወጣ የመጨረሻ ጸጉሩን ያስተካከለው ዘይኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ገደማ አልተያዩም። ግራንድ ፕሬሪ ከተማ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል፤ ትከሻውም ከዚያው የተፈታ ይመስላል።

በሩ ላይ አቆምኩት። «ጽሑፉን አንብበሃል?»

«አንብቤያለሁ።»

«በግራ።»

«ኦኬ፣ በግራ። መስዑዳ ትሙት፣ አልነካውም።»

ቃሉንም ጠበቀ። ገብቶ ራቅ ብሎ ቆመና ግራ እጁን ዘረጋ። ዘይኑ ከወንበሩ ብድግ አለ፣ አየው፣ «ታፌ!» አለና በቀኝ ትከሻው ሄደበት። አንዴ። ሁለቴ። ድምፁን እኔ ወጥ ቤቱ በር ላይ ሆኜ ሰማሁት። ሦስተኛው ላይ ጉልበቱ ከዳው።

ፊቱ አመድ መሰለ፤ አልጮኸም። ያስፈራኝ አለመጮኹ ነው። ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩትና ቁጣዬን ሁሉ ታፈሰ ላይ አወረድኩት።

«ያንተ ትከሻ ነው ወይስ ፎርክሊፍቱን ይዘኸው ነው የገባኸው?»

«ሶሪ መስዑዳ፣ ማለቴ... እኔ እኮ ስታንድ አድርጌ ቆሜ ነበር! ራሱ ነው የመጣብኝ!»

«መሸሽ አትችልም ነበር?»

«ከዘይኑ?» አለኝ። ጫማውን በእጁ ይዞ ወጣ።

ዘይኑ ዓይኑን ጨፍኖ «እሱን አትቆጪው። ረሳሁት መሱ። እሱን ሳየው መታመሜን ረሳሁት» አለ። እኔ ደግሞ ይህን ስሰማ ለቅሶዬ መጣ። እስከ ማክሰኞ አፖይንትመንት አልተገኘም። እነዚያን ቀናት ዘይኑ ስለ ሱቁ አንድም ቃል አላወራም። ሚስቱ ስትደውል «ደህና ነኝ» ይላል፤ ስልኩንም እንደገና በግራ በኩል ማስደገፍ ጀመረ። ያን ሳይ ተስፋዬ ሁሉ ቁልቁል ሄደ።

ታፈሰ ግን በየቀኑ ከሺፍቱ ሲወጣ መጥቶ መኪናውን ከሕንፃችን ፊት ፓርክ ያደርጋል፤ አይገባም። አንድ ሰዓት ተቀምጦ ይሄዳል። እሁድ ዕለት ምግብ በዕቃ አድርጌ በመስኮቱ ሰጠሁት፤ አኩርፌ ነው የሰጠሁት። ማክሰኞ ጦልሃ ከጭነት መኪናው ጋር ከቴክሳስ ውጪ ስለነበር ሐኪም ቤት የወሰደን ታፈሰ ነው። በየጉብታው ላይ መኪናዋን እንደ እንቁላል ተሸካሚ ነበር የሚነዳት።

«ወድቆ ነው?» ሲል ጠየቀኝ ዶክተሩ።

«አይ። ሰላም ተባብሎ ነው።»

አልገባውም። በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ስሞክር ነገሩ የእብድ ሥራ መሰለ፤ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ስለተዋደዱ ተጋጩ ነው የምለው። በመጨረሻ ዶክተሩ «አሳዩኝ» አለና ተነስቶ ቆመ። ታፈሰ እኔን አየኝ፤ ራሴን ነቀነቅኩለት። የዶክተሩን ቀኝ እጅ ያዘና ትከሻውን ገጨው። ረጋ ብሎ ነው፣ ግን ያ ቦት ጫማ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

«ስንት ጊዜ ነው እንዲህ የምትባባሉት?»

«እንደ ናፍቆቱ ነው» አልኩት።

«የነሱ ናፍቆት ምን ያህል ነበር?»

«ሃያ ዓመት።»

ፈገግ አላለም። ዘይኑን አስቀመጠውና በማኅፀን ያለ ልጅ በሚታይበት ማሽን ትከሻውን ይመለከት ጀመር። ያንን ቅባት ቀብቶ ወዲያና ወዲህ ያደርጋል፤ ስክሪኑ ላይ ጥቁርና ነጭ ነገር ይፈስሳል፤ ለእኔ ምንም አይታየኝም። ዘይኑ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ዱዓ ነው። ታፈሰ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ያማትባል። እኔ የዶክተሩን ቅንድብ ነበር የማነበው።

«ይዟል» አለ በመጨረሻ። «ክሩ እንዳለ ነው። አብጧል እንጂ አልተላቀቀም።»

ማስተርጎም ነበረብኝ፤ ድምፅ ግን አልወጣልኝም። ዘይኑ እያየኝ «ምን አለ? መሱ፣ ምን አለ?» ይላል። ለታፈሰ ነው የቀረው። «ይዟል ነው የሚለው፣ ዘይኑዬ! ይዟል!» ብሎ ተንደረደረና፣ መሃል መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ያኔ ነው ዶክተሩ የሳቀው። «እኔ እስክፈቅድ በግራ» አለ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም በግራ ሆነ። መስጊድ የሚያገኙት በግራ ይገጩታል፤ ጭራሽ እርስ በርሳቸውም በግራ መገጫጨት ጀመሩ፣ ቀልድ ሆነ። ማንጠልጠያው ወለቀ። ጎረቤት ከተማ ፋርመርስ ብራንች ያለችው ፊዚዮቴራፒስት እጁን መጀመሪያ እሷ እያነሳች፣ ከዚያ በገመድ፣ ከዚያ በዱላ አለማመደችው። ቤት ሲገባ ጣቶቹን ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ወደ ላይ ያስኬዳል፣ የደረሰበት ላይ በእርሳስ ጭረት አደርጋለሁ። ያማል፤ ላብ ይወርደዋል። አንዳንድ ሳምንት ጭረቷ ካለችበት ንቅንቅ አትልም፣ ይናደዳል፣ እኔም «አብሽር፣ ነገ ትወጣለች» እለዋለሁ። አንድ ጠዋት ሳሎን ሲሰግድ አየሁት። «አላሁ አክበር» ሲል ሁለቱም እጆቹ ጆሮው ድረስ ወጡ። ከመጣ ጀምሮ ግራው ብቻ ነበር የሚወጣው። ሶላቱን ሳልረብሽ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ሊመለስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ዶክተሩ «አሁን ሥራህን ሞክር» አለው። ታፈሰ ግራንድ ፕሬሪ ካለው ቤቱ ጋራዥ ውስጥ ወንበር አዘጋጀ፤ በአንሶላ ተጠቅልሎም ተቀመጠ። ያ ሙቀት፣ ያ ላብ! ዘይኑ መቀሱን ከሻንጣው አወጣ። ከደሴ ይዞት መምጣቱን እኔ አላውቅም ነበር። በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከልብሱ ሥር አድርጎ አምጥቶታል።

ማበጠሪያውን በግራ፣ መቀሱን በቀኝ ያዘ። እጁ ወጣ። ከዚያ ያ ከልጅነቴ የማውቀው ድምፅ መጣ፤ ቂጭ ቂጭ ቂጭ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ እጁ ሲወርድ አያለሁ፣ ሲያርፍ አያለሁ፣ መልሶ ሲወጣ አያለሁ። በመሃል አንዴ ቆመና ትከሻውን አሸት አሸት አደረገ፤ ልደርስለት ስል ቀጠለ። ማጅራቱን ጨርሶ፣ በጆሮው ዙሪያ ዞሮ፣ ከፊት ገጥሞ አየው።

«ይሄን ጭንቅላት ማን ነው ሃያ ዓመት እንዲህ ሲጫወትበት የኖረው?» አለ።

ታፈሰ መስታወቱን ሲያይ ዓይኑ ሞላ። አንሶላውን አራግፎ ተነሳና፣ እንደ ልማዱ ግራ ትከሻውን አዘነበለ።

«በቀኝ ና» አለው ዘይኑ።

ታፈሰ እኔን አየኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ድምፁን ሰማሁት። አንዴ። ሁለቴ። ሦስተኛው ላይ ጩኸት ጠበቅኩ። የመጣው ሳቅ ነው፣ የሁለቱም ሳቅ።

ዓይኔን ስገልጥ ዘይኑ ወደ እኔ ዞሯል። ጸጉር በተበተነበት ወለል ላይ ቆሞ ቀኝ እጁን ከትከሻው በላይ አንስቶ ዘርግቷል።

«ነይ እንግዲህ መሱ» አለኝ፣ «አየር ማረፊያ የጀመርሽውን ጨርሺው።»

ሮጥኩ።