ዓይን ያልተሣለለት ዓሣ

አናጺው ሥራ ሲፈታ ከእንጨት ትንንሽ ዓሣ እየቀረጸ ቀለም ይቀባል፤ መንጠቆ ታስሮባቸው ለትልልቆቹ ዓሦች ማታለያ ይሆናሉ። ዓይን የሚሥልላቸው መጨረሻ ላይ፣ ቀለሙ ሲደርቅ ነው። ታናሽ ወንድሙ ግን አንድ ቀን መታገሥ አቅቶት ዓይን ያልተሣለለትን አንሥቶ ወጣ።

«ዓይኑስ?» አለው አናጺው።

«ዕውርም ቢሆን ካንተ ይሻላል ጋሼ። ስመለስ ትሥልለታለህ» ብሎ እየሳቀ ወደ ሐይቁ ሄደ።

ጀልባው ተገልብጦ ተገኘ፤ እሱ ግን ጠፋ። ሚስቱ እስካሁን ይመጣል ትላለች።

ዛሬ አንድ ፖሊስ ከሬሳ ኪስ የወጣ የእንጨት ዓሣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«የሟቹ ፊት አይለይም። ይህን ያውቁታል?»

አናጺው አገላብጦ አየው። ያለ ዓይን ከእጁ የወጣ ዓሣ አንድ ብቻ ነው።

«የሱ ነው እንዴ ጋሼ?» አለች የወንድሙ ሚስት፣ በሩ ላይ ቆማ።

«ግቢና ተቀመጪ፣ እህቴ» አላት።