ስፒሏ የተነቀለ አሻንጉሊት

ሰፈሩ «እማማ ወስፌ» የሚላቸው ምላሳቸው ስለሚወጋ ነው። እሳቸውም ስሙን አልጠሉትም። «ወስፌ ካልወጋ ምን ሊረባ ነው?» ይላሉ። ሲወጉ ደግሞ ሰው አይመርጡም፤ የልጃቸውን ሚስት ግን ከሁሉም አብልጠው ይወጓታል። ምራታቸው በጫማ ሱቅና በፎቶ ቤት መካከል የተሸጎጠች ጠባብ ቡቲክ አለቻት። እማማ ወስፌ ስለዚያች ቡቲክ ሲጠየቁ፣ «ጨርቁ የሽንኩርት ልጣጭ፣ አቆራረጡ የእብድ፣ ዋጋው ብቻ የጤነኛ ሰው» ብለው ይዘጉታል።

ዋጋው እውነትም የጤነኛ ሰው ነበር። ምራቲቱ ጎህ ሳይቀድ ጅምላ ሻጮቹ ጋ ተሰልፋ፣ ትልልቆቹ መደብሮች በመብራት ከበው የሚሸጡትን ቀሚስ የደመወዝተኛ ኪስ በሚችለው ዋጋ ታመጣለች። ፋሽኑም የሰሞኑ ነው። ግን አይሸጥላትም። ሴቶቹ ከውጭ የሱቁ መስታወት ፊት ይቆማሉ፣ ያያሉ፣ የለበሱትን በእጃቸው ሳብ ሳብ አድርገው ሆዳቸውን ይሸፍናሉ፣ ከዚያ ይሄዳሉ።

የድርጅት ሹፌር የሆነው ባሏ በመጨረሻ ሰለቸው። አንድ ሞባይል ጠጋኝ ሱቋን ሊረከብ ፈልጓል። ቅዳሜ ከሰዓት መጥቶ ግድግዳውን ይለካል፣ ከተስማማው ቁልፉን ይቀበላል። ምራቲቱም ወደ ድሮ ሥራዋ፣ ወደ ሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ትመለሳለች።

«እዚያ አንሶላ ሳጥፍ የኖርኩት ይበቃኛል» አለች አርብ ማታ፣ ሳህን እያጠበች። «ነጭ አንሶላ፣ ነጭ ፎጣ፣ ነጭ ግድግዳ። ቀለም ናፍቆኝ ነው ይህን ሱቅ የከፈትኩት።»

«ታዲያ ማን አልገዛ አለ? እኔ ነኝ?» አሉ እማማ ወስፌ። ሌላ ሊሉ ፈልገው ነበር፤ የመጣላቸው ግን ይኸው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ትንሿ ልጅ ጆሮዋን ይዛ እየጮኸች ተነሳች። ባልየው በሌሊት መኪና ይዞ ወጥቷል። ምራቲቱ ልጇን አዝላ ወደ ክሊኒክ ልትሮጥ ስትል አማቷን ከሱቁ በር ላይ አስቀመጠቻቸው። ፊደል ባይቆጥሩም አንዴ የሰሙት ከጭንቅላታቸው ስለማይወጣ፣ የእያንዳንዱን ቀሚስ ዋጋ በቃል አስጠናቻቸው።

«እማማ፣ ሌላ ምንም አይንኩብኝ። ደግሞ ሰው ከመጣ... እባክዎ...»

«ጨርሺው እንጂ!»

«ምላስዎን ትንሽ ለስለስ ያድርጉልኝ።»

«አንቺ ብቻ ልጅቷን አድርሺ። እኔ ሰው አልበላም።»

ብቻቸውን ሲቀሩ ሱቁን ዞር ዞር ብለው አዩት። ሰው የለም። መስታወቱ ውስጥ ሦስት የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቶች ተገትረዋል፤ ፀጉር የላቸው፣ ዓይን የላቸው፣ ወገባቸው ግን የተርብ ነው። የመሐለኛዋ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳለች። ትከሻዋ ላይ አቧራ አዩ። አቧራ አይተው ማለፍ ከማይችሉት ሴቶች አንዷ ናቸውና ጨርቅ ይዘው ከኋላዋ ገቡ።

«ውይ!» ብለው የተወጋ ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ።

ጀርባዋ ሙሉ ስፒል ነበር። ከትከሻዋ ሥር ጀምሮ እስከ ዳሌዋ ድረስ የቀሚሱ ጨርቅ ወደ ኋላ ተሰብስቦ፣ ተጠቅልሎ፣ በስፒል ተወግቶ ተይዟል። ሌሎቹን ሁለቱን ዞረው አዩ። ያው ነው።

«የማይረባ ልብስ ሰፊ!» አሉ። «ስፒሉን ሳይነቅል አስረክቧት ሄዷል! ይህን የለበሰች ሴት ወንበር ላይ ስትደገፍ ልትጮህ ነው!»

አንድ በአንድ ነቀሏቸው። ነቅለውም የሻይ ኩባያ ውስጥ ጨመሯቸው። ቀሚሶቹ ታፍነው የቆዩ ይመስል ለቀቅ አሉና ወደ ታች ወረዱ። እማማ ወስፌ በሠሩት ረክተው በሩ ላይ ተመልሰው ተቀመጡ፤ ምስጋናም መጠበቅ ጀመሩ።

ምራቲቱ የተመለሰችው ልጇ ጆሮዋ ላይ ጠብታ ተደርጎላት፣ ትከሻዋ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነው። መንገዱን ሳትሻገር መስታወቱን አየችና ቀጥ አለች። ከዚያ እየሮጠች መጣች።

«ማነው የነካቸው?»

«እኔ። አመስግኚኝ። ሰውን ሁሉ ሊወጋልሽ ነበር።»

«እማማ!» ልጅቷን ጥቅል ጨርቅ ላይ አስተኛቻትና ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። «ስፒሉ ሆን ተብሎ ነው እኮ! ሁሉም ሱቅ የሚያደርገው ነው። ከኋላ ይያዛል፣ ከፊት ልክክ ይላል።»

«ሰው ሲለብሰውስ?»

«ሰው ሲለብሰውማ... እንደ ሰውየው ነው።»

«እንግዲያ ማጭበርበር ነው በዪኛ።»

«ማሳመር ነው! አሁን ምን ይመስላሉ? ተዝረክርከው የተንጠለጠሉ አንሶላዎች!» ቃሉ ካፏ እንደወጣ እንባዋ መጣ። «ከሰዓት ሰውየው ሊለካ ይመጣል። ገበያ ያለው ደግሞ ይህችው ጠዋት ነች። የመጨረሻዬ ነበረች እኮ፣ እማማ።»

እማማ ወስፌ ይቅርታ የሚባለው ቃል ከጉሮሯቸው ስለማይወጣ ኩባያውን አንስተው ከአረንጓዴዋ ጀርባ ሄዱ።

«ነይ አሳዪኝ፣ የት የት ነው? እመልሰዋለሁ። ምን ታለቅሻለሽ? ጨርቅ ነው፣ ሰው አልሞተ!»

የመጀመሪያውን ስፒል ሊሰኩ ሲታገሉ በሩ ተከፈተና ሱቁን ግማሽ የምትሞላ ሴት እያለከለከች ገባች። የሐኪም ቤት ነጭ ጋዋኗን በክንዷ ላይ ጥላለች።

«ያቺን አረንጓዴ እንዳትነኳት!» አለች። «እኔ ልያት።»

ሁለቱም ዞረው አዩዋት።

«የጤና ጣቢያው አዋላጅ ነኝ» አለች ትንፋሿን እየሰበሰበች። «ማምሻውን የአለቃችን መሸኛ አለ። ይህን ጎዳና እግሬ እስኪያብጥ ወጣሁ፣ ወረድኩ። በየመስታወቱ የቆሙት ሁሉ ወገባቸው በአንድ እጅ ይጨበጣል። ደፍሬ ስገባም፣ ‹የእናቶች ልብስ ከበስተጀርባ ነው› ይሉኛል። ከበስተጀርባ ያለው ደግሞ ድንኳን ነው! እኔ የአሮጊት ልብስ አልፈልግም፤ ሰው የሚለብሰውን ነው የምፈልገው። ይህችኛዋን ከመንገድ ሳያት ሰው የሚገባባት መሰለችኝ።»

«ወፍራም ነሽ» አሉ እማማ ወስፌ።

ምራቲቱ ዓይኗን ጨፈነች። አዋላጇ ግን ከት ብላ ሳቀች።

«እሱንስ እኔም ሰምቻለሁ፣ እማማ። የጠፋኝ ቀሚሱ ነው።»

ምራቲቱ አረንጓዴውን ቀሚስ ከአሻንጉሊቷ ላይ አውልቃ ሰጠቻት። አዋላጇ ከመጋረጃው ኋላ ገባች። ክርኗ መጋረጃውን ሲገፋ፣ ጫማ ሲወድቅ፣ ስታቃስት ተሰማ። ምራቲቱ ጥፍሯን መብላት ጀመረች።

ስትወጣ ፊቷ ተለውጧል። ቀሚሱ ከትከሻዋ ተነስቶ ደረቷን አቃፍ፣ ወገቧን አለፍ አድርጎ ጉልበቷ ሥር እጥፍ እጥፍ እያለ ወርዷል። አንዴ ዞረች። ደግማ ዞረች። የለበሰችውንም ወደ ታች አልሳበችም።

«እውነቱን ንገሩኝ።»

እማማ ወስፌ ዙሪያዋን ዞረው አዩ። «ያምርብሻል። ካላማረብሽ ያምርብሻል አልልም። ምራቴን ጠይቂ።»

«እውነታቸውን ነው» አለች ምራቲቱ። «እኔን በሠርጌ ቀን እንኳን ያምርብሻል አላሉኝም።»

አዋላጇ ዋጋውን ስትሰማ ቀሚሱን እንደለበሰች ስልኳን አወጣች። «ስሚ» አለች ለአንዲት ባልደረባዋ፣ «ከፎቶ ቤቱ አጠገብ ነኝ፣ ነይ። አዎ፣ ላንቺም የሚሆን አለ። በዚያ ሆድሽም ጭምር። አትሟገቺኝ፣ ነይ አልኩ!»

መጡ። አንዷ እርጉዝ ነች፣ ለመውለድ ሁለት ወር ቀርቷታል። አንዷ ገና ከአራስ ቤት የወጣች ነች፤ ከቀድሞ ልብሷ አንዱም አልዘጋ ብሏታል። ሌላዋ እንጨት ነች፤ ቀሚሱ ውስጥ ገብታ ጠፋች።

«አንቺ ደግሞ እንዲህ አይሆንልሽም» አሏት እማማ ወስፌ። «ስፒሉ የተሠራው ላንቺ ነው።»

ሁሉም ሳቁ። ምራቲቱ ግን ወዲያው ቀበቶ አምጥታ ወገቧ ላይ አሰረችላት፤ እንጨቷም ቀጥ ብላ መስታወቱን አየችና ቀበቶውንም ጭምር ገዛች። በር ላይ ቆመው ያዩ መንገደኞች አንገታቸውን ማስገባት ጀመሩ። ምራቲቱ ከመደርደሪያ ወደ መጋረጃ፣ ከመጋረጃ ወደ መደርደሪያ ስትሮጥ አንዴ አማቷ አጠገብ ቆም አለች።

«እማማ፣ ለካ ልብሱን ጠልተው አልነበረም» አለች ዝግ ብላ። «ለሌላ ሰው የተሰፋ እየመሰላቸው ነው የሚያልፉት። እኔው ነኝ ለካ በስፒል ስመልሳቸው የኖርኩት።»

እማማ ወስፌ «እኔ አላልኩሽም?» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ያላሉት መሆኑ ትዝ ሲላቸው ዘጉት።

ሞባይል ጠጋኙ ከሰዓት በኋላ ሜትሩን ይዞ ከእማማ ወስፌ ልጅ ጋር ሲደርስ መቆሚያ አልነበረም። ግድግዳውን ሊለካ ክንዱን ሲዘረጋ አንዲት ሴት የእጅ ቦርሳዋን አንጠለጠለችበት። «ያዝልኝማ ወንድሜ፣ ለክቼ መጣሁ።» ሌላዋ ጃኬቷን ጨመረችለት። ሰውየው ሜትሩን ይዞ እንደ ልብስ መስቀያ ቆሞ ቀረ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ልጃቸው።

«ገበያ» አለች ሚስቱ። ላቧን በክንዷ ጠረገችና ፊት ለፊቱ ቆመች። «ቁልፉን አልሰጥም።»

«የአንድ ቀን ግርግር ነው እኮ።»

«ሊሆን ይችላል። የአንድ ቀን ከሆነ ክረምቱ ሲወጣ እኔው ራሴ ዘግቼ ሆቴሉ እሄዳለሁ፤ ማንም እንዲነግረኝ አልጠብቅም። እስከዚያ ግን ሱቁ የኔ ነው።»

ልጃቸው ወደ እናቱ ዞረ። ሁልጊዜ ቡቲኩን ሲያጣጥሉ የሰማቸው እሱ ነውና ተስፋ አድርጎ ነበር። «እማዬ፣ እስቲ አንቺ ንገሪያት።»

ምራቲቱ ወደ መሬት አየች።

«ምን ልንገራት?» አሉ እማማ ወስፌ። «ጠዋት ሥራዋን ያበላሸሁባት እኔ ነኝ። እሷ ነች ያቃናችው። አንተ መኪናህን ንዳ፣ ሱቁን ለሷ ተውላት። ይልቅ የዚያን ምስኪን ሰውዬ ቦርሳ ተቀበለው፣ እጁ ዛለ።»

ልጃቸው ራሱን አከከ። ቦርሳውን ተቀበለ፣ ጃኬቱንም። ሞባይል ጠጋኙ ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና፣ ማዶ ያለው ልብስ ንጽህና ቤት ሊለቅ ነው የሚባል ነገር ሰምቻለሁ እያለ ወጣ።

ሲመሻሽ ሴቶቹ ሄዱ። ልጃቸው የተኛችውን ሕፃን ይዞ ወደ ቤት ገባ። መስታወቱ ውስጥ ሦስቱም አሻንጉሊቶች ራቁታቸውን ቀርተዋል። ምራቲቱ ያልተሸጡ ሻርፖችን ሰብስባ በመሐለኛዋ ወገብ ላይ መጠምጠም ጀመረች፤ አንድ ዙር፣ ሌላ ዙር፣ ሆድ እስኪወጣት፣ ዳሌ እስክታበቅል።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«እያወፈርኳት ነው።»

«እንግዲያ በደንብ አድርጊው፣ ከኋላም ጨምሪላት። በሽተኛ አስመሰልሻት!» እማማ ወስፌ አንዱን ሻርፕ ነጥቀው ራሳቸው ጠመጠሙ። ቢጫ ቀሚስ አለበሷት። ቀሚሱ ያለ ስፒል ሞላ።

መንገድ ላይ የዳቦ ፌስታል የያዘች ሴት ከሥራ ስትመለስ መስታወቱ ፊት ቆመች። ፌስታሉን እግሯ ሥር አስቀምጣ ታያለች።

«ዘግተናል! ሰኞ ነይ!» አሉ እማማ ወስፌ በመስታወቱ ውስጥ እጃቸውን እያወዛወዙ።

«አልዘጋንም፣ እማማ» አለች ምራቲቱ፤ በሩንም ከፈተችው።